የዊንዶውስ ብቻ የሆነ የኢንጂነሪንግ ሶፍትዌር በሊኑክስና በማክ ላይ፦ ከመንገድ መረጣ እስከ ዩኤስቢ ዶንግል

ኢታብስ፣ ሬቪት፣ ሶሊድወርክስ፣ ቲአይኤ ፖርታል፣ አንዳንድ የማይክሮኮንትሮለር መጻፊያዎችና የመለኪያ መሣሪያ ሶፍትዌሮች፦ ሁሉም ለዊንዶውስ ተሠርተው እዚያው የቀሩ ናቸው። በሊኑክስ ወይም በማክ ላይ ለማስኬድ ሦስት መንገድ አለ፤ ዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራምን ያለ ዊንዶውስ የሚያስኬድ)፣ ቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ዊንዶውስን የሚያስኬድ)፣ ዊንዶውስን ጎን ለጎን መጫን። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው አጫጫኑ ላይ ሳይሆን አመራረጡ ላይ ነው። ዋይን ላይ ሦስት ሌሊት ይታገልና ለካ ሶፍትዌሩ የዶንግል (ላይሰንሱን የያዘ፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ቁልፍ) ድራይቨር ይፈልጋል፤ ዋይን ደግሞ እንዲህ ያለውን ድራይቨር አይሸከምም። ስለዚህ ምንም ነገር ከማውረዳችሁ በፊት ደረጃ 1ን ጨርሱ።

ደረጃ 1፦ ሶፍትዌሩ ከኮምፒውተሩ ምን እንደሚፈልግ ለዩ

ወረቀት ያዙና ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ጻፉ። መልሱን ከአምራቹ የመጫኛ መመሪያ ታገኙታላችሁ።

1. ድራይቨር ይጭናል? የዩኤስቢ ዶንግል፣ የፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን መቆጣጠሪያ) ኬብል፣ ፕሮግራመር (ቺፕ ላይ ኮድ መጻፊያ) ወይም ኦሲሎስኮፕ የሚያነጋግር ከሆነ መልሱ ብዙውን ጊዜ «አዎ» ነው።

2. በግራፊክስ ካርድ ላይ ምን ያህል ይተማመናል? ሁለት ዲ ሥዕል ከሆነ አያስጨንቅም። ብዙ ክፍሎች ያሉት የ3ዲ ሞዴል የሚያሽከረክር ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

3. ላይሰንሱ ከምን ጋር ታስሯል? ከዶንግል፣ ከኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር፣ ከሃርድ ዲስክ ቁጥር ወይስ ከኢንተርኔት አካውንት? አንዳንድ ላይሰንስ ቨርችዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ አልነሳም ይላል። ይህን ከመጫናችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ።

4. የራሳችሁ ፕሮሰሰር ምንድን ነው? ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነ ሦስቱም መንገዶች ክፍት ናቸው። ኤም 1ና ከዚያ ወዲህ የመጡት የማክ ፕሮሰሰሮች ላይ ከሆናችሁ የታችኛውን የማክ ክፍል ሳታነቡ አትጀምሩ።

አሁን ፍረዱ። ድራይቨር የማይፈልግ፣ ቀላልና ብቻውን የሚቆም ሶፍትዌር ለዋይን ነው፤ ኤልቲስፓይስን የመሰለ የሰርኪዩት ማስመሰያ ዋይን ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ድራይቨር፣ ዶንግል ወይም የራሱን ዳታቤዝ የሚጭን ሶፍትዌር ለቨርችዋል ማሽን ነው። ከባድ 3ዲ የሚፈልግ ደግሞ ጎን ለጎን ለተጫነ ዊንዶውስ ነው። ቨርችዋል ማሽን በተለምዶ እውነተኛውን ግራፊክስ ካርድ ለዊንዶውስ አያስረክብም፤ የተመሰለ ካርድ ነው የሚሰጠው። ትልቅ አሴምብሊ እዚያ ውስጥ ከፍቶ ማሽከርከር ራስን ማሠቃየት ነው።

ደረጃ 2፦ ዝግጅት

ከዚህ ጀምሮ እስከ ደረጃ 7 ያለው የቨርችዋል ማሽን መንገድ ነው፤ በኢንቴልና በኤኤምዲ ኮምፒውተር ላይ፣ ቨርችዋል ማሽን በሚፈጥረው ቨርችዋልቦክስ በሚባል ፕሮግራም።

ራም። ኮምፒውተሩ ካለው ራም ከግማሽ በላይ ለዊንዶውስ አትስጡ። 16 ጊጋ ካለ 8 ስጡ። 8 ብቻ ካለ 4 መስጠት ትችላላችሁ፤ ዊንዶውስ 11 ይነሳል፣ ከባድ ሶፍትዌር ግን ይንፏቀቃል።

ዲስክ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋ ይጠይቃል። ለሙያ ሶፍትዌር 120 ጊጋ መድቡ፣ ኤስኤስዲ ላይ ይሁን። ዓይነቱን እያደገ የሚሄድ አድርጉት። ያደገው በራሱ ተመልሶ እንደማያንስ ግን እወቁ።

የዊንዶውስ ፋይል። አይኤስኦውን (የመጫኛ ዲስኩን ቅጂ የያዘውን ፋይል) ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። «ቀለል የተደረገ» እየተባለ የሚዞረውን አትንኩ፤ ከውስጡ ዶትኔት (ብዙ ሶፍትዌር የሚፈልገው የማይክሮሶፍት ክፍል) እና የመጫኛ አገልግሎቶች ስለሚወገዱ የእናንተ ሶፍትዌር መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱንም አይነግራችሁም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ሶፍትዌሩ አሮጌ ሆኖ ካላስገደዳችሁ 11ን ያዙ።

ባዮስ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩ ባዮስ (ስርዓቱ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ውስጥ ግቡ። ኢንቴል ከሆነ «ቨርችዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ»፣ ኤኤምዲ ከሆነ «ኤስቪኤም» የሚለውን አብሩ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ቨርችዋልቦክስ። 7.0 ወይም ከዚያ በላይ ጫኑ። ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት (ሁለቱም የደህንነት መጠበቂያ ናቸው) የመጡት በዚህ ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት ኤክስቴንሽን ፓክ ይጠይቅ የነበረው ዩኤስቢ 2.0 እና 3.0ም በዚሁ ቅጂ ከዋናው ጋር ተካቷል።

ሊኑክስ ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ ተጠቃሚያችሁን «ቪቦክስዩዘርስ» በሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡና ሎግ አውት ብላችሁ ተመልሳችሁ ግቡ። መስኮት መዝጋት አይበቃም፤ ሎግ አውት ካላላችሁ የዩኤስቢው ዝርዝር ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛ፣ ሴኪዩር ቡት የበራበት ኮምፒውተር ከሆነ በመጫን ጊዜ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፤ ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። እዚያ ላይ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ የይለፍ ቃል አስገቡ።

ካልተሳካ፦
- ማሽኑን ስታስነሱ 1908 የሚል ቁጥር ያለው የከርነል ድራይቨር ስህተት ከመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊውን ስክሪን አልፋችሁታል ማለት ነው። ቨርችዋልቦክስን አውጥታችሁ እንደገና ጫኑና በዚህኛው ዙር አታሳልፉት።
- ቨርችዋላይዜሽን «በሌላ ተይዟል» የሚል ስህተት ከመጣ ኬቪኤም፣ የሊኑክሱ የራሱ ቨርችዋል ማሽን ማስኬጃ፣ ቀድሟችኋል። ከሊኑክስ ከርነል 6.12 ወዲህ ኬቪኤም ገና ሲጫን ቨርችዋላይዜሽኑን ይይዛል፤ ምንም ቨርችዋል ማሽን ባይከፈትም። የኬቪኤምን ሞጁል አራግፉ፣ ወይም ቨርችዋልቦክስን ትታችሁ በኬቪኤም ሥሩ።

ደረጃ 3፦ ማሽኑን ፍጠሩ

1. «ኒው» በሉ፣ ስም ስጡ፣ አይኤስኦውን ምረጡ። ዓይነቱ ዊንዶውስ 11፣ 64 ቢት መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ስትመርጡ ቲፒኤምና ኢኤፍአይ አብረው ይበራሉ።

2. «ስኪፕ አንአቴንድድ ኢንስታሌሽን» ላይ ምልክት አድርጉ። ይህን መዝለል የተለመደ ጥፋት ነው። አውቶማቲክ አጫጫኑ አንዳንዴ የላይሰንስ ስምምነቱን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል።

3. ራምና ፕሮሰሰር መድቡ። የፕሮሰሰሩን መስመር ከአረንጓዴው አታሳልፉ። 8 ካለ 4 ይበቃል። ሁሉንም መስጠት ዊንዶውሱንም አስተናጋጁንም (የእናንተን ሊኑክስ ወይም ማክ) ያንቀራፍፋል።

4. «ዲስፕሌይ» ውስጥ የቪዲዮ ሜሞሪውን እስከ መጨረሻው ግፉ፣ 3ዲ አክሰለሬሽን ላይ ምልክት አድርጉ። መቆጣጠሪያው «ቪቦክስ ኤስቪጂኤ» መሆን አለበት።

ካልተሳካ፦ መጫኛው «ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን ማስኬድ አይችልም» ካለ ማሽኑን አጥፉ፣ «ሲስተም» ውስጥ የቲፒኤሙን ቅጂ 2.0 አድርጉ፣ ኢኤፍአይና ሴኪዩር ቡት መብራታቸውን እዩ፣ ራሙ ከ4 ጊጋ፣ ዲስኩ ከ64 ጊጋ እንዳላነሰ ተመልከቱ።

ደረጃ 4፦ ዊንዶውሱን ጫኑ፣ ወዲያው አስተካክሉት

1. የተጠቃሚውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ፣ ያለ ባዶ ቦታ ስጡ። ስማችሁን በግዕዝ ፊደል ከጻፋችሁ የተጠቃሚው ፎልደር በዚያው ይሰየማል፤ ብዙ የቆየ የኢንጂነሪንግ ሶፍትዌር ደግሞ ጊዜያዊ ፋይሉን የሚጽፈው እዚያ ውስጥ ነው፣ ፊደሉን ማንበብ ሲያቅተው ያለ ምንም መልእክት ይዘጋል። ስሙን በኋላ መቀየር ፎልደሩን አይቀይረውም። አዲስ ተጠቃሚ መፍጠር ግድ ይላችኋል።

2. «ሪጅን» ውስጥ የቁጥር አጻጻፉን አሜሪካዊ አድርጉ፤ አስርዮሹ ነጥብ ይሁን። አስርዮሽ በኮማ ከሆነ አንዳንዱ ሶፍትዌር 2.5ን 25 አድርጎ ያነባል። ይህ ከመዝጋት የባሰ ነው፤ የተሳሳተ ስሌት ይሰጣችኋል እንጂ አይጮህም።

3. ከማሽኑ መስኮት ላይ «ዲቫይስስ» ከሚለው ሜኑ የ«ጌስት አዲሽንስ» ሲዲውን አስገቡ፣ ጫኑ፣ ሪስታርት አድርጉ። ያለዚህ 3ዲውም፣ ስክሪን ማስፋቱም፣ የጋራ ፎልደሩም (ዊንዶውሱና አስተናጋጁ ሁለቱም የሚያዩት) የለም።

4. የዊንዶውስ አፕዴቱን ሁሉ ጨርሱ። ሶፍትዌር እየጫናችሁ ዊንዶውስ ከኋላ ዶትኔትን ቢያድስ ሁለቱም ይጠላለፋሉ።

5. ማሽኑን አጥፉና ስናፕሾት (በኋላ ልትመለሱበት የምትችሉት የማሽኑ ሁኔታ ቅጂ) ውሰዱ። «ንጹሕ» ብላችሁ ሰይሙት።

ደረጃ 5፦ ሶፍትዌሩን ጫኑ፣ ላይሰንሱን በመጨረሻ

የመጫኛውን ፋይል ከጋራ ፎልደር ላይ ሆኖ አታስነሱት። መጀመሪያ ወደ ዊንዶውሱ ሲ ድራይቭ ገልብጡት። ፋይሉ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ እንደ አድሚኒስትሬተር አስነሱት። ዶንግል ያለው ከሆነ መጫኛው «አሁን ሰኩ» እስኪል ድረስ ዶንግሉን አትሰኩ፤ ቀድሞ ከተሰካ ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር ይሰጠውና የአምራቹ ድራይቨር ቦታ ያጣል።

ሶፍትዌሩ ከተጫነ በኋላ፣ ላይሰንሱ ከመግባቱ በፊት፣ ሁለተኛ ስናፕሾት ውሰዱ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ላይሰንሱ ከገባ በኋላ ወደ አሮጌ ስናፕሾት ከተመለሳችሁ፣ በዲስኩ ላይ የተጻፈው የላይሰንስ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል፤ በአምራቹ ሰርቨር ላይ ግን አንድ ፈቃድ እንደተጠቀማችሁ ተመዝግቦ ይቀራል። ወደ ኋላ መመለስ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ላይሰንሱን ከሶፍትዌሩ ውስጥ «ዲአክቲቬት» አድርጉ።

ማሽኑን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስታዛውሩም ወይም ስትገለብጡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቨርችዋልቦክስ ኮፒ ሲያደርግ፣ ዝም ካላችሁት ለኔትወርክ ካርዱ አዲስ መለያ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ማክ አድራሻ የሚባለው ነው፣ ከማክ ኮምፒውተር ጋር አይምታታባችሁ። ላይሰንሱ በዚያ ቁጥር የታሰረ ከሆነ ይሞታል። ኮፒው መስኮት ላይ ሁሉንም የኔትወርክ ቁጥሮች ይዞ እንዲሄድ ምረጡ፣ የቀድሞውን ማሽን ከዚያ በኋላ አታስነሱ።

ካልተሳካ፦ «የሲስተሙ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል» የሚል የላይሰንስ ስህተት ከመጣ፣ ማሽኑን ሳታጠፉ አስተኝታችሁት ስታነቁት ሰዓቱ ዘሏል። ጌስት አዲሽንስ መሥራቱን እዩ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት አስተካክሉ፣ ሪስታርት አድርጉ። ከዚያ ወዲያ ማስተኛቱን ትታችሁ በደንብ አጥፉ።

ደረጃ 6፦ ዩኤስቢ፣ ዶንግልና ፕሮግራመር

እዚህ ጋ ቀስ በሉ፤ ከሁሉም ደረጃ ብዙ ሰው የሚያጣው ይህን ነው።

1. ማሽኑን አጥፉ። «ዩኤስቢ» ውስጥ 3.0 ምረጡ። የቆየ ዶንግል በ3.0 አልታይ ካለ ወደ 2.0 አውርዱት።

2. ዕቃውን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። የራሱ ኃይል በሌለው ማከፋፈያ በኩል ከሰካችሁት መሃል ላይ ይጠፋል።

3. የመደመር ምልክት ያለባትን ትንሿን የዩኤስቢ ምልክት ተጫኑና ዕቃውን ከዝርዝሩ ምረጡ። ፊልተር ይፈጠራል። ፊልተሩን ክፈቱትና የአምራቹን ቁጥርና የዕቃውን ቁጥር ብቻ አስቀሩ፤ ሪቪዥን፣ ሲሪያል ቁጥርና ፖርት የሚሉትን ቦታዎች ባዶ አድርጉ። ባዶ ካላደረጋችሁ፣ ያንኑ ሞዴል ሌላ ኬብል ስትሰኩ ወይም ቀዳዳ ስትቀይሩ ፊልተሩ አያውቀውም።

4. ማሽኑን አስነሱ፣ ዕቃውን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለበት ከሆነ ዕቃው ደርሷል፣ የቀረው ድራይቨሩ ነው። ጭራሽ ከሌለ ችግሩ ከዊንዶውሱ ውጭ ነው።

ካልተሳካ፦

«ፕሮግራመሩ ይታያል፣ መጻፍ ሲጀምር ይጠፋል።» ብዙ ቦርዶች ወደ ቡትሎደር (አዲስ ኮድ ወደሚቀበሉበት ሁኔታ) ሲገቡ ለአፍታ ራሳቸውን ነቅለው በሌላ ቁጥር ይመለሳሉ። ፊልተራችሁ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ሊኑክሱ ወይም ማኩ ዘንድ ይቀራል። ቦርዱን በእጃችሁ ቡትሎደር ውስጥ አስገቡት፣ በዚያ ሁኔታ እንዳለ ሁለተኛ ፊልተር ጨምሩ።

«በኡቡንቱ ላይ የሲኤች 340 ዩኤስቢ ሲሪያል ኬብል ብቅ ብሎ ይሰወራል።» ለዓይነ ሥውራን የብሬይል ማሳያ የተሠራው ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባለው አገልግሎት ኬብሉን የራሱ ዕቃ መስሎት ይይዘዋል። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ይህ የታወቀ ነው። የብሬይል ማሳያ የማትጠቀሙ ከሆነ አገልግሎቱን አውጡት።

«ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ግን ደብዝዞ አይመረጥም።» በአስተናጋጁ በኩል አንድ ፕሮግራም ይዞታል። ሲሪያል ሞኒተር የከፈታችሁ እንደሆነ ዝጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የዕቃውን ፈርምዌር (በውስጡ ያለውን የራሱን ሶፍትዌር) በቨርችዋል ማሽን በኩል በዩኤስቢ አታድሱ። ዕቃው በማደስ መሃል ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ ማሽኑ ሊያጣው ይችላል፤ ግማሽ የተጻፈ ፒኤልሲ ወይም ኦሲሎስኮፕ ደግሞ የማይነሳ ዕቃ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለዚያች አንድ ቀን እውነተኛ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ተዋሱ።

ደረጃ 7፦ የሥራ ፋይሎች

የጋራ ፎልደር ፋይል ለማሻገር ጥሩ ነው፣ እዚያ ላይ ሆኖ ለመሥራት ግን አይደለም። ዊንዶውስ እንደ ኔትወርክ ቦታ ነው የሚያየው። ፋይል የሚቆልፍ ወይም ዳታቤዝ የሚጠቀም ሶፍትዌር እዚያ ላይ «ፋይሉ ተይዟል» ይላል፣ ሲብስም ፕሮጀክቱን ያበላሻል። ሥራውን ሲ ድራይቭ ላይ አጭር ስም ባለው ፎልደር ሥሩ፣ ሶፍትዌሩን ዝጉ፣ ከዚያ ወደ ጋራው ፎልደር ገልብጡ። ስናፕሾት የሥራ መጠባበቂያ አይደለም፤ ወደ ኋላ ስትመለሱ የዛሬው ሥዕል አብሮ ይሄዳል።

የ3ዲ መስኮቱ ጥቁር ከሆነ ወይም ከተቆራረጠ፣ መጀመሪያ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሃርድዌር አክሰለሬሽንን አጥፉ። ካልበቃ ማሽኑን አጥፍታችሁ ከ«ዲስፕሌይ» ላይ 3ዲውን አንሱ። ይንቀራፈፋል፣ ሥዕሉ ግን ይታያል።

የዋይን መንገድ

ሊኑክስ ላይ ቦትልስ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ሁሉንም በመስኮት ይሠራል።

1. ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር ለብቻው አንድ ቦትል ፍጠሩ፣ ዓይነቱን «አፕሊኬሽን» አድርጉ። ሁለት ሶፍትዌር አንድ ቦትል ውስጥ መክተት አንዱን ለማስተካከል ስትሉ ሌላውን መስበር ነው።
2. ሶፍትዌሩን ከመጫናችሁ በፊት «ዲፔንደንሲስ» ውስጥ የማይክሮሶፍት ፎንቶችን፣ የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ፋይሎችን፣ የሚጠይቅ ከሆነም ዶትኔት 4.8ን ጫኑ። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ከቁልፎቹ ወጥቶ ይፈሳል። ዶትኔት ረጅም ደቂቃ ይፈጃል፣ የቆመ ይመስላል፤ አትዝጉት።
3. መጫኛውን ከቦትሉ ውስጥ አስነሱ።

ቦትልስ በፍላትፓክ (ፕሮግራሞችን ለይቶ በሚያስቀምጠው የሊኑክስ አጫጫን) ከተጫነ የሚያየው የራሱን ፎልደር ብቻ ነው። ፋይላችሁ «የለም» ካለ ፍላትሲል በሚባለው የፈቃድ መቆጣጠሪያ ፎልደሩን ፍቀዱለት።

ሲሪያል ኬብል ከፈለጋችሁ ሊኑክስ ላይ ተጠቃሚውን «ዳያልአውት» ግሩፕ ውስጥ አስገቡ። ዋይን የመጀመሪያዎቹን 32 የኮም ቁጥሮች ለማዘርቦርዱ ፖርቶች ስለሚይዝ፣ የዩኤስቢ ኬብላችሁ ብዙ ጊዜ ኮም 33 ሆኖ ይመጣል። አሮጌ ሶፍትዌር ደግሞ ከኮም 9 በላይ ማየት ላይችል ይችላል። በቦትሉ ሬጅስትሪ ኤዲተር ሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ዋይን፣ ፖርትስ ድረስ ውረዱ፤ ኮም 1 የሚል አዲስ የጽሑፍ መዝገብ ፍጠሩ፣ ዋጋውን ኬብሉ በሊኑክስ ላይ ያለው አድራሻ አድርጉ፣ ቦትሉን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ኤም 1ና ከዚያ ወዲህ ያሉ ማኮች

ቡት ካምፕ (ማክ ላይ ዊንዶውስን ጎን ለጎን መጫኛው) እዚህ የለም። የሚጫነው ዊንዶውስም ለኤአርኤም (የእነዚህ ማኮች የፕሮሰሰር ዓይነት) የተሠራው ዊንዶውስ 11 ነው፤ በፓራለልስ ወይም በቪኤምዌር ፊውዥን። ለኢንቴል የተሠሩ ፕሮግራሞችን ዊንዶውሱ ራሱ እየተረጎመ ያስኬዳል፣ አብዛኛው ይሠራል። የማይተረጎመው ድራይቨር ነው። ለኢንቴል የተጻፈ የዶንግል ድራይቨር እዚያ ላይ አይጫንም፤ የምትሞክሩት ነገር የለም። ከመግዛታችሁ በፊት አምራቹን «የኤአርኤም 64 ድራይቨር አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ፣ ኢንቴል ያለበት ኮምፒውተር አንድ ቦታ አስቀምጡና ከማኩ ላይ በርቀት ግቡበት። ዩቲኤም የሚባለው የቨርችዋል ማሽን ፕሮግራም ሙሉውን የኢንቴል ኮምፒውተር ማስመሰል ይችላል፤ ፍጥነቱ ግን ለሥራ የሚሆን አይደለም።

ጎን ለጎን ስትጭኑ

ሊኑክስ ባለበት ዊንዶውስ ስትጨምሩ መጀመሪያ ባክአፕ ውሰዱ። ዊንዶውስ ሲጫን የማስነሻውን ቅደም ተከተል ለራሱ ያደርጋል፤ ሊኑክሱ አልጠፋም፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ላይ መልሱት። ዊንዶውስ ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ»ን አጥፉ፤ ካልጠፋ ክፍልፋዩ እንደተቆለፈ ይቀርና ከሊኑክስ በኩል መጻፍ አትችሉም። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከበራ የመልሶ መክፈቻውን ቁጥር ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አኑሩ። ሁለቱ ስርዓቶች የማዘርቦርዱን ሰዓት በተለያየ መንገድ ስለሚያነቡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ሰዓቱ ይዘልና ላይሰንሱ ተጭበረበርሁ ይላል። ሊኑክሱ ሰዓቱን በአካባቢ ሰዓት እንዲያነብ አድርጉት።

ማሽኑን ወይም ክፍልፋዩን የምታጠፉ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሶፍትዌሩን ከፍታችሁ ላይሰንሱን መልሱ፤ «ተመልሷል» የሚለውን መልእክት ሳታዩ አትሰርዙ።